የከበደ ነዳጅ መስጫ

ለጥገና ወደ እኔ ከሚመጡት አሮጌ ሞተሮች ብዙዎቹ ያማሃ ናቸው፤ ዲቲ 125፣ ዲቲ 175፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ለእርሻ ሥራ ተብሎ የተሠራው ኤጂ 100። የግብርና ባለሙያና የእንስሳት ሐኪም ከቀበሌ ቀበሌ ሲዞርባቸው ኖረው፣ ከመሥሪያ ቤት ወጥተው በግለሰብ እጅ የገቡ ናቸው። ባለቤቱ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ነዳጅ መስጫው ከበደኝ፤ ከሐሙሲት አንበሳሜ እስክገባ እጄ ዛለ» ይለኛል። ከዚያም ያስከትላል፤ «ሞላውን ትንሽ ቆረጥ ቢያደርጉልኝስ?»

አላደርገውም። በእነዚህ ሞተሮች ገመዱ አንድ ነው፤ ይስባል እንጂ አይገፋም። እጅ ሲለቅ ቤንዚኑን የሚዘጋው ካርቡራተር ውስጥ ያለው ሞላ ብቻ ነው። ቁልቁለት ሲወረድ ደግሞ ጎማው ሞተሩን እያሽከረከረ ስለሚሄድ፣ የሞተሩ ስበት የካርቡራተሩን ቫልቭ ከግድግዳው ጋር ይለጥፈዋል። ደካማ ሞላ ያንን አላቅቆ አይመልሰውም። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ወረታ 1,800 ገደማ፤ በዚያ ጠመዝማዛ ነዳጁ ተከፍቶ የቀረበት ሰው ምን እንደሚደርስበት መናገር አያስፈልግም። ደግሞስ ሞላ ሲያረጅ ይላላል እንጂ መቼ ይጠነክራል? አምና ቀላል የነበረው ዘንድሮ ከከበደ፣ የሆነ ቦታ ፍትጊያ ተጨምሯል ማለት ነው። ሥራዬ ያንን ቦታ ማግኘት ነው።

የምፈልገው ከፋፍዬ ነው። ገመዱን ፈትቼ መጀመሪያ መያዣውን ብቻውን አዞረዋለሁ። ብቻውን ሳለም ከያዘ ጥፋቱ መሪው ላይ ነው። ወይ ሞተሩ ወድቆ የመሪው ጫፍ ተደፍጥጧል፣ ወይ የመያዣው ጎማ ወደ ውስጥ ተገፍቶ እየታሸ ነው፣ ወይ የደረቀ ግራሶ ከአቧራ ጋር ተጋግሯል። ይህ ቀላሉ ነው፤ በቤንዚን ታጥቦ ስስ ግራሶ ይቀባል።

ገመዱ የበለጠ ትዕግሥት ይፈልጋል። አንዱን ጫፍ በጣቴ ይዤ በቀስታ እስበዋለሁ። ለስላሳ ሆኖ ሲመጣ ቆይቶ አንድ ቦታ ላይ ያዝ ካደረገኝ፣ ውስጥ አንድ ቀጭን ሽቦ ተበጥሶ ሽፋኑን እየቧጠጠ ነው። እንዲህ ያለውን ገመድ አልጠግንም፣ እቀይረዋለሁ። ዝም ብሎ የደረቀ ከሆነ ግን ቀጥ አድርጌ እሰቅለውና ላይኛው ጫፍ ላይ የፌስታል ቁራጭ እንደ ማንቆርቆሪያ አስሬ ስስ የማሽን ዘይት እሞላበታለሁ። ከታች መጀመሪያ ጥቁር፣ ቀጥሎ ቡናማ ይንጠባጠባል፤ ዘይቱ በራሱ መልክ መውጣት እስኪጀምር ድረስ አላወርደውም፣ ማደርም ካለበት ያድራል። ግራሶ አላስገባበትም፤ በደጋው ብርድ ጠዋት ጠዋት ይረጋል። የተቃጠለ ዘይትማ የብረት ብናኝ ስላለበት ጨርሶ አይሆንም። አንዳንዴ ደግሞ ገመዱ ጤነኛ ሆኖ አካሄዱ የተበላሸ ይሆናል፤ ከፊት መብራቱ ጀርባ በሲባጎ ተጠፍንጎ ወይም ታንኩ ሥር ተቆልምሞ አገኘዋለሁ።

ብዙ ሰው የማያየው ግን ታች ያለውን ነው። እነዚህ ሞተሮች ቱ ስትሮክ ናቸው። ያማሃ እ.ኤ.አ. በ1964 ኦቶሉብ ያለውን ስልት ካመጣ ወዲህ ዘይቱን ከቤንዚን ጋር በእጅ መቀላቀል ቀርቶ የራሱ ፓምፕ ይረጨዋል። ስለዚህ ከመያዣው የሚወርደው ገመድ መሐል ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ካርቡራተር፣ አንዱ ወደ ዘይት ፓምፕ። መክፈያዋ ትንሽ ሳጥን ውስጥ አቧራ ገብቶ ሲጋገር፣ ወይም የፓምፑ ፑሌጃ በጭቃ ሲያዝ፣ ክብደቱ ሁሉ እጅ ላይ ይመጣል። ካርቡራተሩን አሥር ጊዜ ማጠብ ምንም አይፈይድም።

እጅግ የሚያሳዝነኝ ጥገናም እዚሁ ላይ የሚሠራው ነው። ለማቅለል ተብሎ የፓምፑ ገመድ ይፈታል። እጅ ላይ በእርግጥ ይቀላል፤ ፓምፑ ግን ነዳጅ እንደተዘጋ ስለሚቆጥር ትንሿን ዘይት ብቻ ይሰጣል፣ ፒስተኑም ዳገት ላይ ይነክሳል። ገመዱ ባይፈታም የከበደ ነዳጅ መስጫ ለፒስተኑ አደጋ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ተዘግቶ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ዘይቱም አብሮ ስለሚያንስ፣ ነጂው በየጊዜው ነዳጅ ሰጠት እያደረገ መውረድ አለበት። እጁ የዛለ ሰው ይህን አያደርግም። ስለዚህ ሳጥኗን ከፍቼ አጥባለሁ፣ ፑሌጃውን አላቅቃለሁ፤ ፑሌጃው ላይ ያለው ምልክትም ከፓምፑ ፒን ጋር እስኪገጥም ድረስ አስተካክላለሁ።

የካርቡራተሩን ቫልቭ ስመልስ ጎኑ ላይ ያለው ስንጥቅ ከውስጡ ፒን ጋር መግጠም አለበት፤ በጉልበት ከገባ ተከፍቶ ይቀራል። ቁመቱን ይዞ የወረደ ጭረት ካለበት የአየር ማጣሪያውን ስፖንጅ አያለሁ፤ ተቀዶ አቧራ ያሳለፈው እሱ ነው።

ሲያልቅ ሞተሩን አስነስቼ መሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞረዋለሁ። ድምፁ ከጨመረ ገመዱ አጥሯል ወይም ተወጥሯል፤ እንደገና እፈታዋለሁ። ከዚያ ሞተሩን አጥፍቼ ነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ እለቀዋለሁ። ጧ ብሎ ካልተዘጋ፣ የፈለገውን ያህል ቢቀል፣ ከግቢዬ አይወጣም።