ማኅተሙን ማን ጎተተው?

«ጋሼ፣ ቀጥታ ለደረጃ ሦስት ማመልከት አይቻልም?» ብላ የጠየቀችኝ ከአዲስ አበባ ጥሬ ቡና እያስመጣች ባልቲሞር ወደብ ላይ የምትረከብ ወጣት ነጋዴ ናት። አንድ አማካሪ ሦስቱን ደረጃዎች በሦስት ዋጋ ደርድሮ ልኮላታል። ዝርዝሩን ሳየው የአውሮፕላን ትኬት መሰለኝ፤ ከታች ተራ መቀመጫ፣ ከላይ አልጋ የሚሆነው።

አይቻልም። በአሜሪካው የታመነ ነጋዴ ፕሮግራም፣ እኛ ሲቲፓት በምንለው፣ አስመጪ ሁሉ ከአንድ ይጀምራል። ማመልከቻው ነፃ ነው። የጉምሩክና ድንበር ጥበቃው መሥሪያ ቤት በ90 ቀን ውስጥ ወረቀቱን አይቶ ከተቀበለው ደረጃ አንድ ይሰጣል። ከዚያ በአንድ ዓመት ውስጥ ባለሙያ መጥቶ የተጻፈውን ከሚሠራው ጋር ያመሳክራል፤ ያለፈ ሁለት ይሆናል። ሦስት የሚሰጠው ከተጠየቀው በላይ ሲሠራ ለተገኘ ነው። ይህን ማንም አመልክቶ አያገኘውም፤ የሚሸጥ ካለም የሌለውን ነው የሚሸጠው። ከአሜሪካ ዕቃ የሚልኩ ላኪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ፕሮግራሙ ሲገቡም ደረጃ አልተሰጣቸውም፤ ተረጋግጠዋል ወይም አልተረጋገጡም፣ በቃ።

ከደረጃው በፊት ግን መግባቱ ራሱ ይጠቅማታል ወይ? በዋሺንግተን ዙሪያ በርበሬና ሽሮ ከሚሸጡት የሀበሻ ሱቆች ብዙዎቹ በጉምሩክ መዝገብ አስመጪ አይደሉም፤ ዕቃው የሚገባው በሌላ ሰው ስም ነው። በስሙ ያላስመጣ፣ ወይም ለእያንዳንዱ ጭነት የአንድ ጊዜ ቦንድ፣ ማለትም የጉምሩክ ዋስትና፣ እየገዛ የሚሠራ አይገባም። ተከታታይ ቦንድ ያስፈልጋል፤ ዝቅተኛው ሽፋን 50,000 ዶላር ነው። እሷ ሁለቱንም አሟልታለች። ጥሬ ቡና በመደበኛው ታሪፍ ቀረጥ ስለሌለበት ትርፏ ያለው ፍተሻው ላይ ነው። ኮንቴይነሩ ለራጅ ተጠርቶ፣ ከዚያም ፍተሻ መጋዘን ተወስዶ፣ ባለ 60 ኪሎው 320 ጆንያ አንድ በአንድ ሲወርድ፣ የመጎተቻውንም የማውረጃውንም የማቆያውንም ኪራይ የሚከፍለው መንግሥት ሳይሆን አስመጪው ነው። አባል ሲሆን የመፈተሽ ዕድሉ ያንሳል፤ ቢፈተሽም ቅድሚያ ይሰጠዋል። ያም ሆኖ በዓመት ጥቂት ኮንቴይነር ለሚያስገባ ሰው፣ ትልቅ ገዢ «አባል ካልሆንክ አልገዛህም» ካላለው በቀር፣ ድካሙን የሚያካክስ አይመስለኝም። ይህን ስነግራት ደስ አላላትም። ገዢዋ ጠይቋታል ለካ።

ወደ አማካሪው ልመለስ። መንገዱ «መጀመሪያ መመሪያው ይጻፍ፤ ሥራው ይከተላል» ነው። በዚህ ጉዳይ ከዚህ ሰውና ከመሰሎቹ ጋር ስንጣላ ኖረናል። ግማሽ እውነት እንዳላቸው አልክድም። እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው ዝቅተኛ የደህንነት መስፈርት 12 ምዕራፍ አለው፤ የሳይበር ደህንነት፣ የግብርና ደህንነትና የበላይ አመራሩ ኃላፊነት ያኔ የተጨመሩ ናቸው። እያንዳንዱ ነጥብ «ግዴታ» ወይም «ይመከራል» ተብሎ ተለይቷል፤ ብዙው ግዴታም በጽሑፍ የሰፈረ አሠራር ይጠይቃል። ወረቀት ያስፈልጋል። እኔ የምጠላው ከወረቀቱ በታች ምንም የሌለውን ወረቀት ነው። አንድ የቡና አስመጪ ገንዘብ ከፍሎ ያሠራው መመሪያ እጄ ገብቶ ነበር። በመካከሉ ስለ ኬሚካል ጫኝ ቦቴ ማጠቢያ ሥርዓት በሰፊው ይተርካል። ከሌላ ደንበኛ ፋይል ተገልብጦ፣ ስሙ ተቀይሮ፣ ቦቴው ተረስቷል። አስመጪው ራሱ አላነበበውም፤ ፈርሞበታል እንጂ።

እኔ ከማኅተሙ ነው የምጀምረው። አብረውኝ የሚሠሩ «አሁንም ማኅተም?» እያሉ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ኮንቴይነሩ ከመጫኑ በፊት ሰባት ቦታው መታየት አለበት፤ የፊት ግድግዳው፣ ቀኙ፣ ግራው፣ ወለሉ፣ ጣሪያው፣ በሮቹ ከውስጥም ከውጭም፣ ከዚያ ሥሩ። ተጭኖ ሲያልቅ የአይ.ኤስ.ኦ 17712 ደረጃን ያሟላ የብረት ማኅተም ይገባል። ቀጥሎ አራት ነገር ይደረጋል፦ ማየት፣ ቁጥሩን ከሰነዱ ጋር ማመሳከር፣ መጎተት፣ መጠምዘዝ። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ሁሉም ሰው ያደርጋል። የሚዘለሉት ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ናቸው። ተቆርጦ በሙጫ የተጣበቀ ማኅተም ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ቁጥሩም ልክ ነው፤ የሚጋለጠው በእጅ ሲጎተትና ሲጠመዘዝ ነው። የበሩ ማጠፊያና ብሎንም እንዲሁ ነው፤ ማኅተሙን ሳይነኩ በሩን ከማጠፊያው ነቅለው የሚያወጡ አሉ።

አሁን ይህን ከአዲስ አበባ ወይም ከሞጆ ተነስቶ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ እስኪደርስ ባለው መንገድ ላይ አስቡት። በመካከል ተቆጣጣሪ ሊያስከፍተው ይችላል፤ መብቱ ነው። ሲዘጋ አዲስ ማኅተም ይገባል፤ አዲስ ቁጥር ይመጣል። ያ ቁጥር በማን ተመዘገበ? ለማን ተነገረ? የመርከቡ ሰነድ ላይ የድሮው ቁጥር ከቀረና ባልቲሞር ላይ በሩ ላይ ሌላ ከተገኘ፣ ደረጃ ሦስትም ብትሆን ጥያቄው አይቀርላትም።

ከአንድ ላኪ ዘንድ የደህንነት መጠይቅ ተሞልቶ መጣልኝ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «አዎ» ነው። እንዲህ ያለ ሲገጥመኝ ስልክ አነሳለሁ። «ባለፈው ኮንቴይነር ላይ ማኅተሙን ማን ጎተተው?» አልኩ።

«ቅጹ ላይ ምልክት ተደርጓል፣ ጋሼ።»

«ምልክቱን ማን አደረገ?»

ዝም አለ። «ጸሐፊዋ» አለ በመጨረሻ። ልጁ አልዋሸኝምና አከበርኩት። ከጫኞቹ አስተባባሪ ጋር አገናኘኝ፤ ሰውየውም ማኅተም የሚያስገባው ሾፌሩ ራሱ እንደሆነ ነገረኝ። ያን መጠይቅ አማካሪው ቢሆን ኖሮ በቀጥታ ወደ ፕሮግራሙ የኢንተርኔት ፖርታል ይጭነው ነበር።

ለደረጃ ሦስት የሚታየው «ምርጥ ተሞክሮ» የሚባለው ነገርም አምስት ነገር አንድ ላይ ይፈልጋል፦ የበላይ አመራር ድጋፍ፣ አዲስ ቴክኖሎጂ፣ በጽሑፍ የሰፈረ አሠራር፣ እርስ በርስ መቆጣጠሪያ፣ ተግባር ላይ ለመዋሉ ማስረጃ። ያ ላኪ ያደረገውን ልንገራችሁ። ማኅተሙን የሚያስገባው አንድ ሰው፣ ጎትቶ የሚያረጋግጠው ሌላ ሰው ሆነ። ሁለተኛው በስልኩ ፎቶ አንስቶ ወዲያው ይልካል። እዚህ ያለው አስመጪ ፎቶውን ከመርከብ ሰነዱ ጋር ያመሳክራል፤ ሥራ አስኪያጁ ደግሞ በየጊዜው ጥቂቱን መርጦ አይቶ ይፈርማል። የካሜራ ወጪ የለውም። አምስቱም ግን አሉበት። እንዲህ ያለ አንድ አሠራር ሥር ሲሰድ፣ በእኔ ግምት፣ ማንም ከማይመለከታቸው ካሜራዎች ይበልጣል።

ደረጃው የድርጅቱ ስም ላይ ይጻፍ እንጂ የሚመዘነው ዕቃው የሚመጣበት መንገድ መሆኑን ሰው ይረሳል። ከሐዋሳ ልብስ የሚያስመጣ አንድ ድርጅት አውቃለሁ፤ ደረጃው ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአሜሪካው የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ስትወጣ የቀረጡ ሒሳብ ተገለባበጠና አቅራቢውን ወደ ሌላ አገር አዛወረ። ፋይሉ ግን ስለ ሐዋሳ ማውራቱን ቀጠለ። የስጋት ግምገማው ቢያንስ በየዓመቱ መከለስ ግዴታ ነው፤ ዳግም ማረጋገጫው በአራት ዓመት ውስጥ ይመጣል። እዚያ ድረስ የሌለ ፋብሪካ ዘበኞች በወረቀት ሲጠብቁ ኖሩ።

ለልብስ አስመጪ ከሁለት ወደ ሦስት መውጣቱ ሳይሆን የንግድ ሕግ ተገዢነት የሚባለው ዘርፍ ነው የሚበጀው፤ በዚህ ላይ አልደራደርም። እ.ኤ.አ. በ2002 ለብቻው ተጀምሮ በ2020 ከሲቲፓት ጋር ተዋሐደ። የሚገባው ደረጃ ሁለት ወይም ሦስት ያለው፣ የሁለት ዓመት የማስመጣት ታሪክ ያለው ነው። አባሉ ከትልቁ የጉምሩክ ኦዲት ይድናል፤ መሥሪያ ቤቱ ስህተት ቢያገኝበትም ራሱ ቀድሞ እንዲያሳውቅ 30 ቀን ይሰጠዋል። ቀረጡ ከባድ ለሆነ ዕቃ ይህ ትልቅ ገንዘብ ነው። ለቡና ግን ይቅርባት አልኳት።

በወጣትነቴ ቃሊቲ ጉምሩክ ከመስኮት መስኮት ዲክላራሲዮን ተሸክሜ የምሮጥ የትራንዚተር ተላላኪ ነበርኩ። ያኔ መታመን ማለት መታወቅ ነበር። ሹሙ ፊትህን ካወቀ ፋይልህ ከሥር ወደ ላይ ይወጣል፤ ካላወቀህ ምሳ ሰዓት ይደርሳል። ዛሬ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ «እስቲ ወደዚህ» ተብለው ከሚለዩት አንዱ እኔ ነኝ፤ ሻንጣዬ ሁሌም ይከፈታል። ሥራዬ ደግሞ የሌላ ሰው ኮንቴይነር ሳይከፈት እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ሚስቴ ይህን እያነሳች ትስቃለች። እኔ ግን ሙያውን የወደድኩት በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ሊያረጋግጥ የሚመጣው ባለሙያ ፊቴን አያውቅም፤ አነጋገሬም ሊከብደው ይችላል። መዝገቡን ይከፍታል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ፎቶውን ያያል፣ ያምነኛል። ቃሊቲ ላይ ያጣሁትን ዓይነት መታመን እዚህ በመዝገብ አገኘሁት።

ልጅቷ አሁን ለደረጃ አንድ አመልክታለች፤ አማካሪውን አሰናብታ በዚያው ገንዘብ ሰው ልካ የላኪዋን መጋዘን አሳይታለች። ሁለት ላይ ብትቆም ቅር አይለኝም።

ለአዲስ አበባ ላኪዎች አንድ ልመና አለኝ። በአሜሪካና በኢትዮጵያ መካከል አንዱ የሌላውን የታመነ ነጋዴ የሚቀበልበት ስምምነት የለም፤ አሜሪካ የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ2007 ከኒውዚላንድ ጋር ስትፈርም የጀመረችው ዝርዝር እኛን አላካተተም። ስለዚህ አገር ቤት የጉምሩክ ኮሚሽን የሰጣችሁ መብት ገዢያችሁን እዚህ አያድነውም፤ የእናንተን በር በራሱ ማጣራት አለበት። መጠይቁን የሚልክላችሁ ለዚህ ነው። ሲደርሳችሁ ለጸሐፊዋ አትስጡት። ለጫኞቹ አስተባባሪ ስጡት፤ «አይደለም» ብሎ የሚመልሰው ጥያቄ ካለም «አይደለም» እንዳለ ላኩት። የሚስተካከለው እሱ ነው።