«ከሁሉም ታብሌት ጋር ይሠራል» የሚባለው ብዕር ለሥዕል ይሆናል?

ከጎባ ተነስታችሁ ሳነቴ አምባ ላይ ወጣችሁ እንበል። ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ብርዱ ጓንት ያስለብሳል። አጠገባችሁ ጅብራ ቆሟል፤ ራቅ ብሎ ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ለመያዝ አድፍጧል። ታብሌታችሁን አውጥታችሁ ልትስሉት ስትሞክሩ ስክሪኑ ዝም አለ! ብዕሩ ተበላሽቶ ይሆን? ላይሆን ይችላል። ምናልባት ስትገዙት ያልጠየቃችሁት ነገር ይኖራል።

ከስክሪኑ መስታወት ሥር ኤሌክትሪክ የያዘ ረቂቅ መረብ አለ። ሰውነታችን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ፣ ጣታችን ሲጠጋ እዚያ ቦታ ያለው የኤሌክትሪክ ሁኔታ ይለወጣል፤ ታብሌቱም ቦታውን ያውቃል። ጫፉ ጎማ የሆነው ርካሽ ብዕር የሚሠራው ጣታችሁን በማስረዘም ነው። ወፍራም ጓንት ስታደርጉ ግንኙነቱ ይቋረጣል። ስክሪኑ እንዲለየውም ጫፉ ወፈር ማለት አለበት። በእሱ የቀበሮ ጢም መሳል በመጥረጊያ ኩል እንደመኳል ነው።

ሁለተኛው ባትሪ ያለው፣ «ከሁሉም ታብሌት ጋር ይሠራል» እየተባለ የሚሸጠው ነው። ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ማስታወሻ ለመያዝ ደህና ነው። ለሠዓሊ ግን ማስታወቂያው ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው። ለምን? ሁሉም ስክሪኖች በጋራ የሚያውቁት የጣትን ንክኪ ነው፤ ስለዚህ ብዕሩ ጣትን ያስመስላል እንጂ ምን ያህል እንደተጫናችሁት አይናገርም። የቁም ጸሐፊዎቻችን መቃ ብዕር ወፍራምና ቀጭን መስመር ያወጣል፤ ይሄኛው ግን ጫን አላችሁት ለቀቅ መስመሩ ያው ነው።

ትልቅ ስምም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመጀመሪያው አፕል ፔንስል ጫናን ይለያል፤ በ2023 የወጣው ባለ ዩኤስቢ-ሲው ግን አይለይም።

ሦስተኛው ዓይነት ከታብሌቱ ጋር ተጣጥሞ የተሠራ ነው። የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤስ6 ላይት ብዕር (ኤስ ፔን) ጥሩ ምሳሌ ነው። ውስጡ የሽቦ ጥቅል አለ፤ ለመሳል የሚያስፈልገውን ኃይል የሚያገኘው ከስክሪኑ ሥር ከሚመነጭ መግነጢሳዊ መስክ ስለሆነ ቻርጅ አይፈልግም። ጫናን ይለያል፣ በጓንትም ይሠራል። ድክመቱ? ይህ ቴክኖሎጂ የሌለው ስክሪን ላይ እንጨት ማለት ነው።

እንግዲህ ሮቤም ሆነ አዲስ አበባ ሱቅ ስትገቡ፣ በራሳችሁ ታብሌት ሦስት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ በማስመሪያ ሰያፍ መስመር ቀስ ብላችሁ አስምሩ፤ መስመሩ ከተወላገደ ታብሌቱ የብዕሩን ቦታ በትክክል እያሰላ አይደለም። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ለስለስ፣ ቀጥሎ ጫን አድርጉት፤ ውፍረቱ ተለወጠ? ሦስተኛ፣ መዳፋችሁን ስክሪኑ ላይ አሳርፋችሁ ሳሉ፤ መዳፋችሁም መስመር ካወጣ ሥዕሉን ያበላሽባችኋል።

ለማስታወሻ ከሆነ ርካሹ ይበቃል፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ። መሳል ከፈለጋችሁ ግን ለሻጩ የምታቀርቡት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» ሳይሆን «ከእኔ ታብሌት ጋር ጫና ይለያል ወይ?» የሚለው ይሁን።