ሱፍ በሙቀጫና በመጽሐፍ

የባልትና ጽሑፍ እንደ ማናቸውም ድርሰት በሂስ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። ለዚህም የሱፍ ፍትፍትን እንውሰድ። በእንፍራንዝና በአካባቢው፣ በጾም የላም ወተት ሲቀር፣ ሱፍ ታምሶ ወይም ተቀቅሎ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ በውሃ ተበጥብጦም ይጣራል። ነጭ፣ ወተት መሰሉ ፈሳሽ በዝንጅብልና በቃሪያ ተቀምሞ እንጀራ ይፈተፈትበታል። ታምሶ ነው ወይስ ተቀቅሎ? ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ በቃል የኖረ ድርሰት ልዩ ልዩ ንባብ ይኖረዋልና።

አውሮጳውያንም በጾማቸው ተመሳሳይ ብልሃት ነበራቸው። የእንግሊዙ ንጉሥ የዳግማዊ ሪቻርድ ወጥ ቤቶች እ.ኤ.አ. በ1390 ገደማ ባጠናቀሩት መጽሐፍ የለውዝ ወተት (የዛፉ ለውዝ እንጂ ኦቾሎኒ አይደለም) ደጋግሞ ይነሣል። ልኬት ግን እምብዛም አይሰጥም፤ የተጻፈው ሙያውን አስቀድሞ ለሚያውቅ ነበር።

የዛሬዎቹ ጸሐፊዎች በአንጻሩ የሚጽፉት ለማያውቅ አንባቢ ነው፤ ስለዚህ ኃላፊነታቸው ይከብዳል። በውጭ ቋንቋ ከተዘጋጁት አንዳንዶቹ «ሱፍ»ን የሱፍ አበባ ብለው ይተረጉማሉ። የሱፍ አበባ ግን መነሻው አሜሪካ የሆነ ሌላ ተክል ነው። በስም መመሳሰል ተታልለው እሾሃማውን ሱፍ ከገዛ ፍትፍቱ አስወጡት! ሌሎቹ ደግሞ «በመኪና ፍጭ» ብለው ያልፋሉ። ገለባው አብሮ ሲደቅና በሚገባ ሳይጣራ ሲቀር ጉሮሮ እንደሚከረክር አይነግሩንም፤ የባለሙያዋ ጥበብ ያለው ግን እዚያው ላይ ነው።

አዘጋጆቹ በሚቀጥለው እትማቸው ሱፍን በትክክለኛ ስሙ ይጥሩት፤ አሠራሩን ያስተማረቻቸውንም ሴት፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ ከርእሱ ሥር ይጻፉ።