ቅሬታ የማያስነሣ ብልሽት
ስለ ኤክስካቫተር የወንበር ስዊችና ስለ ብልሽት መፈለጊያ ሠንጠረዥ የቀረበ ሒስ

የኤክስካቫተር መመሪያ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ በመጨረሻ ክፍላቸው አንድ የብልሽት መፈለጊያ ሠንጠረዥ ይዘው ይገኛሉ። በአንደኛው ዓምድ የታየው ችግር፥ በኹለተኛው ምክንያቱ፥ በሦስተኛው መፍትሔው ይጻፋል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህ ዐይነቱ ሠንጠረዥ ስለ ወንበር የደኅንነት ስዊች የሚሰጠውን ትምህርት ነው። ትምህርቱ ባጭሩ ሲነገር፥ ሞተሩ ተነሥቶ ክንዱ አልታዘዝ ቢል ስዊቹን መርምሮ መለወጥ ነው። ይህ ስሕተት ነው አንልም፤ ነገር ግን ግማሽ ትምህርት ነው እንላለን። ሠንጠረዡ የተሰናዳው ማሽኑ እንዲሠራ እንጂ መቆም በሚገባው ጊዜ እንዲቆም አይደለምና።

አስቀድመን የዕቃውን ጠባይ እንግለጽ። የወንበር ስዊች ከመቀመጫው ሥር ይቀመጣል። ኦፕሬተሩ ሲቀመጥ በክብደቱ ይገጥማል፤ ሲነሣ ይለያያል። በተለያየም ጊዜ ወደ ሃይድሮሊኩ የሚሄደው ትእዛዝ ይቋረጣል። ይኸውም ሰው ከወንበሩ ተነሥቶ ሳለ ልብሱ ወይም ክንዱ ሌቨሩን ቢነካ፥ ባኬቱ በጉድጓዱ አፍ የቆመውን ሠራተኛ እንዳይመታ ነው። ኾኖም ኤክስካቫተር ኹሉ ይህ ስዊች አለው ማለት አይደለም። በብዙዎቹ፥ በተለይም በትልልቆቹ፥ ይህን ሥራ የሚሠራው ከኦፕሬተሩ በስተግራ የሚገኘው የመቆለፊያ ሌቨር ነው። ሌቨሩ ሲነሣ አንድ ሶሌኖይድ ቫልቭ የፓይለቱን ዘይት ይዘጋል። የወንበር ስዊች በይበልጥ የሚገኘው በአንዳንድ ትንንሽ ኤክስካቫተሮችና በእነርሱ ዘመዶች፥ በስኪድ ስቲር ጫኚዎች ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ስዊቹ ተበላሽቷልን የሚል ሳይኾን፥ በዚህ ማሽን ላይ ዘይቱን የሚዘጋው ምንድን ነው የሚል መኾን ይገባዋል። ሠንጠረዡ ይህን ጥያቄ ሲዘለው፥ መካኒኩ ደኅናውን ወንበር ሲፈታ ይውላል።

ኹለተኛው ነቀፌታችን ስለ መለካት ነው። ብዙ ሰው የሶሌኖይዱን ሶኬት ነቅሎ በቴስተር ይለካና 12 ቮልት ሲያገኝ፥ መሥመሩ ደኅና ነው ብሎ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ያታልላል። ጆርጅ ሲሞን ኦም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1827 ካሳተመው ሕግ ተነሥተን አንድ ስሌት እንሥራ። የሶሌኖይዱ ጥቅል 10 ኦም፥ ባትሪው 12 ቮልት ነው እንበል፤ የሚያልፈው ኮረንቲ 1.2 አምፔር ይኾናል። አሁን ጭቃና ውሃ ገብቶ የስዊቱ መገናኛ ዝጎ 5 ኦም ጨመረ እንበል። ጠቅላላው 15 ኦም ስለሚኾን ኮረንቲው ወደ 0.8 አምፔር ይወርዳል፤ ለሶሌኖይዱ የሚደርሰው 8 ቮልት ብቻ ነው። ሶኬቱ ተነቅሎ ሲለካ ግን የሚያልፍ ኮረንቲ ስለሌለ ቴስተሩ ያንኑ 12 ቮልት ያሳያል። ከዚህም በላይ መዳብ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ከመቶ 0.4 ያህል መቋቋሙ ይጨምራል። ጥቅሉ 50 ዲግሪ ሲሞቅ 10ሩ ኦም ወደ 12 ይጠጋል፤ ኮረንቲውም 0.7 አምፔር ገደማ ይኾናል። ጧት በደኅና ሲሠራ የነበረው ማሽን ቀትር ላይ እንቢ የሚልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስለዚህ ልኩ መወሰድ ያለበት ሶኬቱ እንደተሰካ፥ ሰው በወንበሩ ተቀምጦ፥ በስዊቹ ኹለት ጫፎች መካከል ነው። በምሳሌያችን እዚያ 4 ቮልት ይገኛል፤ በደኅና ስዊች ላይ ግን ከዜሮ ብዙ አይርቅም። ስዊቹ ለኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ምልክት ብቻ የሚሰጥ ከኾነ ኮረንቲው እጅግ ጥቂት ስለኾነ ስሌቱ ይለወጣል፤ በጭነት ሥር መለካት ይሻላል የሚለው መሠረተ ሐሳብ ግን አይለወጥም።

ዋናው ነቀፌታችን ሦስተኛው ነው። በጋራዥ ቋንቋ «ዳይሬክት ማድረግ» የሚባል ዘዴ አለ፤ የስዊቹን ኹለት ሽቦዎች በአንድ ቁራጭ ሽቦ ማገናኘት ነው። ለምርመራ ያህል፥ ባኬቱ መሬት ላይ ዐርፎ፥ ሰው ከአካባቢው ርቆ፥ ለጥቂት ጊዜ ቢደረግ ጉድለቱ ከስዊቹ መኾኑን ያመለክታል። ክፋቱ ቁራጩ ሽቦ እዚያው ሲቀር ነው። የወንበር ስዊች በኹለት መንገድ ይበላሻል። ሽቦው ቢበጠስ ማሽኑ ይቆማል፤ ኦፕሬተሩ ይጮኻል፤ መካኒክ ይጠራል። መገናኛው ተጣብቆ ቢቀር ወይም በቁራጭ ሽቦ ቢታሰር ግን ማሽኑ ያለ እንከን ይሠራል፤ ማንም ቅሬታ አያቀርብም። እንግዲህ ሠንጠረዡ የሚጀምረው ከቅሬታ ስለኾነ፥ አደገኛው ብልሽት በሠንጠረዡ ውስጥ ስፍራ የለውም። የማይጎዳው ብልሽት በዝርዝር ተጽፎ፥ የሚገድለው ሳይጻፍ ቀርቷል ማለት ነው።

ይህ የእኛ ሥጋት ብቻ አይደለም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሥራ ደኅንነትና ጤና ኢንስቲትዩት በ1998 ስለ ስኪድ ስቲር ጫኚዎች ባወጣው ማስጠንቀቂያ የደኅንነት መሣሪያዎችን ከሥራ ማስወጣት እንደማይገባ አሳስቧል። በ2013 የታደሰው አይ.ኤስ.ኦ. 14119 የተባለው ዓለም አቀፍ ደንብም፥ የተጻፈው ስለ ማሽን መከለያዎች ቢኾንም፥ ንድፍ አውጪው ሰዎች መቆለፊያውን ለማለፍ የሚገፋፋቸውን ምክንያት አስቀድሞ እንዲያስብ ያስገድዳል። ስለዚህ ጥፋቱን ኹሉ በመካኒኩ ላይ መጣል ትክክል አይመስለንም። ወንበሩ በተንቀሳቀሰ ቍጥር የሚታጠፍ ሽቦ፥ የእጥበት ውሃ የሚያገኘው ሶኬት፥ ጕድባ በነጠረ ጊዜ ክንዱን የሚያስቆም ስዊች ሠርቶ የሰጠ ንድፍ አውጪ፥ ቁራጩን ሽቦ ለመካኒኩ እንዳቀበለው ይቈጠራል።

ምናልባት፥ ማሽኑ በሰዓት ተከራይቶ ሳለ መለዋወጫ እስኪመጣ ሥራ ይቁምን የሚል ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም። ይኹንና ቁራጩ ሽቦ የሚያተርፈው ለባለማሽኑ ሲኾን፥ ዕዳውን የሚከፍለው ከጉድጓዱ አጠገብ አካፋ ይዞ የቆመው ሰው ነው። ያ ሰው ስለ ሽቦው አልተጠየቀም፤ መኖሩንም አያውቅም። አንዱ የሚያተርፍበትን ሌላው በሕይወቱ የሚዋስበት ውል፥ ውል ሊባል አይችልም።

እንግዲህ ሠንጠረዡ እንዲህ ቢታረም እንወዳለን። በመጀመሪያው መሥመር ዘይቱን የሚዘጋው መሣሪያ የትኛው እንደኾነ ይጠየቅ። በኹለተኛው ልኩ በጭነት ሥር ይወሰድ። በመጨረሻው፥ ጥገናው አለቀ ከመባሉ በፊት፥ ባኬቱ መሬት ላይ ዐርፎ፥ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ፥ በአካባቢው ሰው ሳይኖር፥ ኦፕሬተሩ ክብደቱን ከወንበሩ አንሥቶ ሌቨሩን በጥቂቱ ይሞክር። አንዳንድ ማሽን ከመቋረጡ በፊት ጥቂት ቅጽበት ስለሚታገሥ ያን ያህል ይጠበቅ። ክንዱ ከታዘዘ፥ ማሽኑ ቢሠራም አልተጠገነም። ማሽን የሚሠራበትን መንገድ የምንማር ኹሉ የሚቆምበትንም መንገድ በዚያው ትጋት ልንማረው ይገባናል።