ሞላው ማንን ተሸከመ?

ስፔናዊው የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ዳኒ ፔድሮሳ በውድድር ዘመኑ ቁመቱ 1.60 ሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ 51 ኪሎ ገደማ ነበር። ለዓመታት የተፎካከረው ጣሊያናዊው ቫለንቲኖ ሮሲ ከ1.80 ሜትር የሚበልጥ ዘንካታ ነው። ሁለቱም በሞቶጂፒ የሚነዷቸው ሞተሮች ወደ 160 ኪሎ ይመዝኑ ነበር። እንግዲህ ፔድሮሳ ሲቀመጥበት ከጠቅላላው ክብደት ሩቡ ያህል ሰው ነው፤ ሮሲ ሲቀመጥበት የሰው ድርሻ ከዚያም ይጨምራል። ፔድሮሳ በዋናው ምድብ 31 ጊዜ አሸንፏል። ያ ቀላል ሰውነት ፍጥነት ለመጨመር ቢረዳውም፣ ጎማውን አስፋልቱ ላይ ተጭኖ በቶሎ ለማሞቅ ግን ያንሰው ነበር። የሮሲን ሞላ ለእሱ፣ የእሱን ለሮሲ ቢያደርጉላቸው ሁለቱም ባልተደሰቱ ነበር።

1,200 ኪሎ የምትመዝን መኪና ሹፌሯ 60 ኪሎ ሆነ 90፣ ልዩነቱ ብዙም አይሰማትም። ሞተር ሳይክል ግን ይሰማዋል። በዚያ ላይ ሰውየው ዝም ብሎ የተጫነ ዕቃ አይደለም፤ ፍሬን ሲይዝ ወደ ፊት ይገፋል፣ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይንሸራተታል፣ ጉድጓድ ሲያይ ከመቀመጫው ይነሳል። ስለዚህ የሞተር ሳይክልን ሞላና ሾክ ለነጂው የሚያስተካክል ባለሙያ ከብረቱ በፊት ሰውየውን ነው የሚለካው። እኔ ይህን ሙያ የማደንቀው እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው በካቻቢቴ ሳይሆን በሜትር ነው።

ነጂው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይመጣል፤ ሄልሜቱን፣ ቦቲውን፣ ጃኬቱንም ጭምር። አሥር ኪሎ የሚጠጋ ልብስ ቤት ትቶ የመጣ ሰው የሌላ ሰው ልኬት ይዞ ይሄዳል። መጀመሪያ ሞተሩ ተነስቶ የኋላ ቸርኬው ከመሬት ሲለቅ፣ ከአክስሉ መቀመጫው ሥር እስከ ተደረገ ምልክት ያለው ርቀት ይለካል። ቀጥሎ ሞተሩ በራሱ ክብደት ይቆማል፤ ይለካል። በመጨረሻ ነጂው እንደሚነዳው ሆኖ ይቀመጣል፤ እንደገና ይለካል። የኋላ ቸርኬው ወደ ላይና ወደ ታች 120 ሚሊ ሜትር መሄጃ ባለው የአስፋልት ሞተር ላይ ነጂው ሲቀመጥ 30 ወይም 35 ሚሊ ሜትር ዝቅ ቢል መልካም ነው። መሄጃው 300 ሚሊ ሜትር በሚደርሰው የሞቶክሮስ ሞተር ላይ ግን ወደ 100 ይጠጋል።

ችኩል ሰው እዚህ ላይ አንድ ቁጥር ጽፎ ይነሳል። ጠንቃቃው ሁለት ይጽፋል። ሞተሩን በቀስታ ወደ ታች ገፍቶ በራሱ ሲመለስ ይለካል፤ ከዚያ በቀስታ ወደ ላይ ስቦ በራሱ ሲወርድ ይለካል። ሁለቱ ቁጥሮች አይገጥሙም፤ እውነተኛው መሃላቸው ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ግን የራሱ ወሬ አለው፤ ዘይት የሚያግተው ጎማና ቡሽው ምን ያህል እንደሚጎትቱ ይናገራል። የፊት ቸርኬውን የሚይዘው ፎርክ በዚሁ መንገድ ሲለካ ክፍተቱ ሰፊ ከሆነ፣ ሞላ ከመቀየር በፊት ራሱን ፎርኩን ማየት ይሻላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፊት ቸርኬ ሲታሰር የፎርኩ ሁለት እግሮች ትይዩ ሳይሆኑ መቅረታቸው ነው። መድኃኒቱ ምንም አያስወጣም፦ አክስሉን በአንዱ እግር በኩል የሚጨብጡትን ብሎኖች አላልቶ፣ የፊት ፍሬኑን ይዞ ፎርኩን ደጋግሞ መጫንና እግሩ ቦታውን ሲያገኝ መልሶ ማጥበቅ።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ላይ ደረስን። ሞላው ላይ ያለውን ቀለበት ማጥበቅ ሞላውን አያጠነክረውም፤ ሞተሩን ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል እንጂ። አንድ ሚሊ ሜትር ለመጨመቅ 90 ኒውተን የሚፈልግ ሞላ ቀለበቱ ቢጠብቅም ቢላላም ለቀጣዩ ሚሊ ሜትር ያንኑ 90 ይፈልጋል። ስለዚህ 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቀለበቱን እስኪበቃው አጥብቆ 35 ሚሊ ሜትሩን ሊያገኝ ይችላል፣ ቁጥሩም ያማረ ይመስላል። ባለሙያው ግን ሰውየውን አስወርዶ ሞተሩ ብቻውን ምን ያህል እንደሚወርድ ያያል። ከ5 እስከ 10 ሚሊ ሜትር መውረድ ሲገባው ጭራሽ ካልወረደ፣ ሞላው ለዚህ ሰው ለስላሳ ነው፤ በግድ ተጨንቆ ነው ከፍ ያለው። ብዙ ከወረደ ደግሞ ሞላው ጠንካራ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ በወረቀት ላይ ሁለቴ ካላሰቡት አይዋጥም። ሞላ መቀየር የማይፈልግ ሻጭ ይህን ሁለተኛ ልኬት ሲዘለው ብታዩ አይግረማችሁ።

ሞላው ከተገኘ በኋላ ዘይቱ ይመጣል። ሞላ ብቻውን የተቀበለውን ጉልበት መልሶ ይወረውራል፤ የሚያበርደው ዘይቱ ነው። ሲሪንጅ በውሃ ሞልታችሁ ብትገፉት ነገሩ ይገባችኋል፦ በቀስታ ሲገፋ ውሃው ያለ ችግር ይወጣል፣ በኃይል ሲገፋ እጅን ይመልሳል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የቀዳዳው ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። የርካሽ ፎርክ በሽታ ይኸው ነው። የዘይቱ ቀዳዳ፣ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩ አፍንጫውን እንዳይደፋ ተብሎ ከጠበበ፣ ድንጋይ ሲመታ እንደ ደረቅ ብረት ይሆናል።

ለዚህ የተገኘው መላ፣ ለእኔ፣ ከሞተር ሳይክል ክፍሎች ሁሉ እጅግ የሚያምረው ነው፤ የሚያየው ግን የለም። ዘይቱን በሚገፋው ፒስተን ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ፊት ስስ የብረት ሮንዴላዎች ይደረደራሉ። ውፍረታቸው 0.10፣ 0.15፣ 0.20 ሚሊ ሜትር ነው፤ የመጀመሪያው ከአንድ ወረቀት አይወፍርም። ሰፊው ከታች፣ ጠባቡ ከላይ ሆኖ ሾጣጣ ይሠራሉ። ዘይቱ በኃይል ሲመጣ ጫፋቸው ጎንበስ ብሎ መንገዱን ያሰፋዋል፣ ሲያልፍ ይመለሳል። የሮንዴላ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር በሦስት ርቢ ያድጋል፦ አንድ ባለ 0.20 የስምንት ባለ 0.10 ያህል ይጠነክራል። እንግዲህ የድንጋዩን ምት ለማለዘብ አንዲት ሮንዴላ ማውጣት ወይም በቀጠነች መተካት ይበቃ ይሆናል። ባለሙያው እያንዳንዷን በማይክሮሜትር ይለካታል፣ ጠርዟ ሸካራ እንዳይሆን በጣቱ ይዳስሳል፣ መስተዋት ላይ አስተኝቶ መጉበጧን ያያል። ከሥሯ የገባ አንድ ቅንጣት አሸዋ ቀዳዳውን ክፍት ያስቀረዋልና ጠረጴዛው ከቀዶ ሕክምና ክፍል አያንስም።

በውጭ የሚታየው ማዞሪያ ከዚህ ሥራ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ሮንዴላዎቹን ዞሮ የሚያልፍ አንዲት ቀጭን መንገድ በመርፌ መክፈትና መዝጋት ነው፤ በተሳሳተ አደራደር የተሠራን ሾክ ማዞሪያ አያድነውም። ኬንት ኦሊን እ.ኤ.አ. በ1976 ስዊድን ውስጥ ያቋቋመው ድርጅት ፎርኮች በወርቃማ ቀለማቸው ታዋቂ ናቸው። ቀለሙን ብሎ የሚገዛቸው ሰው ብዙ ነው። ውስጣቸው ግን ለ75 ኪሎ ሰው ተደርድሮ ከሆነ፣ ለ95 ኪሎው ወርቅነታቸው ለፎቶ ነው።

ማዞሪያው የሚቆጠረው ሙሉ በሙሉ ከተዘጋ በኋላ ወደ ኋላ ነው፤ ሲዘጋም በሁለት ጣት፣ አለዚያ የመርፌው ጫፍ ይጎዳል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይነካል፣ ይጻፋል፣ ይነዳል። ከዚያ ባለሙያው የሚጠብቀው የነጂውን አቤቱታ ነው። እውነተኛው ችሎታ ደግሞ እዚህ ይፈተናል። ነጂው መጥቶ «ጠነከረብኝ» ይላል እንበል። ሞላው ጠንክሮ ሊሆን ይችላል። የመውረጃው ዘይት ታፍኖም ሊሆን ይችላል። ወይም ሞላው እጅግ ከመለስለሱ የተነሳ ሾኩ ሁልጊዜ መሄጃው መጨረሻ ባለው መከላከያ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይሆናል። ከሁሉ ተንኮለኛው ግን መመለሻው መዘግየቱ ነው። ቸርኬው ከመጀመሪያው ጉብታ ተመልሶ ሳይዘረጋ ሁለተኛው ይመታዋል፣ ሦስተኛው ይጨምርበታል፤ ሞተሩ እየሰመጠ መሄጃ ያጣል። ሰነፍ አድማጭ ሞላውን ያለሰልሳል፣ ነገሩም ይብሳል። አስተዋዩ ግን «ከመጀመሪያው ጉብታ ነው ወይስ ከአራተኛው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ አራተኛው ከሆነ መመለሻውን ሁለት ክሊክ ከፍቶ መልሶ ይልከዋል።

ምስክር ይሆነው ዘንድም በፎርኩ ቱቦ ላይ አንዲት የላስቲክ ማሰሪያ ያጠልቃል። ፎርኩ ሲወርድ ወደፊት ትገፋለች፣ ሲመለስ እዚያው ትቀራለች። ከጉዞው በኋላ ማሰሪያዋ ከመጨረሻው ጥቂት ሚሊ ሜትሮች ቀድማ ከቆመች፣ መሄጃው ከሞላ ጎደል ሁሉ ሥራ ላይ ውሏል፣ ብረት ከብረት ግን አልተጋጨም። ብዙ ዋጋ ያለው የኤሌክትሮኒክ መመዝገቢያ ባለበት ዓለም ይህች የሳንቲም ዋጋ ያላት ዕቃ አሁንም በጋራዥ ሁሉ አለች።

በከተሞቻችን ሰውና ጭነት የሚያመላልሱት ትናንሽ ሞተሮች ከዚህ ሁሉ የተሰጣቸው ከኋላ ሾካቸው ሥር ያለው ባለደረጃ ቀለበት ነው። ሞተሩ ራሱ 120 ኪሎ ገደማ ሆኖ ሁለት ሰው ሲሸከም ከግማሽ በላይ ክብደቱ ሰው ነው፤ ከፔድሮሳ ሞተር ይልቅ ማስተካከል የሚገባው እንግዲህ ይኸኛው ነበር። ቀለበቱ ግን ከፋብሪካ በወጣበት ደረጃ ዝጎ የቀረ ሞተር ብዙ ነው። ሞላ አይለውጥለት እንጂ፣ ከኋላ ሰው ሲጫን ሁለት ደረጃ ከፍ ማድረግ ጭራው እንዳይሰምጥ፣ መብራቱም የሰው ዓይን ላይ እንዳያበራ ያደርጋል። የሚያስፈልገው ቆልማማ ቁልፍና የአንድ ደቂቃ ጊዜ ነው። ያገለገለ ሞተር የሚገዛም ሰው ስለ ኪሎ ሜትሩ ከመጠየቁ በፊት ሻጩን ከራስ እስከ እግሩ አንድ ጊዜ ቢያየው ጥሩ ነው። ሻጩ ቀጭን፣ ገዢው ደንዳና ከሆነ፣ የሞላ ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ይቀነስ።