ይበቃኛል

ወዳጄ ቡራዩ ነው የምትኖረው። ከአስኮ ታክሲ ስትይዝ ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ሰነድ፣ አንድ እርሳስና አንድ ላጲስ አይጠፋም። ለዚህ ሥራ እስክሪብቶ አትወድም። የአንድ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አባል ናት፤ ሠራተኞቹ «አይ አር ቢ» የሚሉት ነው። ተመራማሪ ሰውን ከማጥናቱ በፊት ፕሮፖዛሉን ለኮሚቴው ያቀርባል፤ ኮሚቴው ያነባል፣ ይጠይቃል፣ ያስተካክላል፣ አንዳንዴም ይመልሳል። ከውጭ ለሚያየው ማኅተም የመምታት ሥራ ይመስላል። እኔም አንድ ቅዳሜ ቤቷ ቡና ተጠርቼ አንዲት ቃል ስትፍቅ እስካያት ድረስ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ።

ቃሏ «ማቋረጥ» ናት። ከስምምነት ቅጽ የማትቀር ዓረፍተ ነገር አለች፦ «በማንኛውም ጊዜ ማቋረጥ ይችላሉ»። መመሪያው ይጠይቃታል፣ ተመራማሪው ይገለብጣታል፣ ኮሚቴው ያልፋታል። ያን ቀን ፊቷ የነበረው ቅጽ ግን ሰበታ አካባቢ የቲቢ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች የሚነበብ ነበር። በቲቢ ክፍል «አቋረጠ» ሲባል ስድስት ወር መጨረስ ያለበትን መድኃኒት ትቶ የጠፋ ሰው ነው፤ ስልክ የሚደወልበት፣ ቤቱ ድረስ የሚፈለግ፣ ባጭሩ ጥፋተኛ። ለዚያ ሰው «ማቋረጥ ይችላሉ» ሲሉት ወይ ይደነግጣል፣ ወይ ደግሞ፣ ይህም ከሁሉ የከፋው ነው፣ መድኃኒቱን መተው የተፈቀደለት ይመስለዋል። ወዳጄ ፍቃ፣ የላጲሱን ብናኝ እፍ ብላ፣ በላዩ እንዲህ ጻፈች፦ «ከጥናቱ በፈለጉ ጊዜ "ይበቃኛል" ማለት ይችላሉ፤ መድኃኒትዎ ግን እንደ ወትሮው ይቀጥላል።»

እኔ ከመላው ሰነድ የወደድኩት ይህን ነው። «ይበቃኛል» የገበታ ቃል ነው። እንግዳ ጠግቦ «ይበቃኛል» ሲል ማንም አይቀየመውም፤ ክብሩም የጋባዡም ክብር እንዳለ ይቆያል። «እምቢ» ማለት ነውር በሆነበት አገር ለእምቢታ ጨዋ በር መክፈት ቀላል ጥበብ አይደለም። እርግጥ «በሞቴ» እያለ የሚያጎርስ ጋባዥ አለ። መረጃ ሰብሳቢዎች ሲሠለጥኑ አንዱ ትምህርት «በሞቴ» አለማለት ነው አለችኝ፤ ሳቅን፣ እሷ ግን አልቀለደችም።

የምትሠራውን ሁሉ መጀመሪያ የምትፈትነው በጎረቤቷ ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መርካቶ ቅመም ሲነግዱ የኖሩ እናት ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፣ ሒሳብ ግን አይስቱም። ቡናው ሲቀርብ ወዳጄ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሳቸው ያዳምጣሉ። ከዚያ «እማማ፣ ምን አልኩ?» ትላቸዋለች። ባለሙያዎቹ ለዚህ ስም አላቸው፤ የተነገረውን ሰሚው በራሱ አፍ መልሶ እንዲናገር ማድረግ ነው። «ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ አይረባም፤ «አዎን ልጄ» ነው መልሱ፣ ቢገባም ባይገባም።

አንድ ጊዜ ቅጹ አሥር ሚሊ ሊትር ደም እንደሚወሰድ ይናገር ነበር። ሚሊ ሊትር ለማን ይገባል? በዓለም ዙሪያ የሚሰጠው ምክር በሻይ ማንኪያ ንገሩ የሚል ነው፤ አሥር ሚሊ ሊትር ሁለት የሻይ ማንኪያ ነውና። እንደዚያው ጻፈች፣ አነበበች። እማማ ስኒያቸውን አስቀመጡ። «ደም በማንኪያ? ማነው የሚጠጣው?» ምክሩ ትክክል ነው፣ ሒሳቡም ትክክል ነው፣ ግን ማንኪያ ወደ አፍ የሚሄድ ነገር ነው። ማንኪያው ተፋቀ። በምትኩ መረጃ ሰብሳቢው ደሙ የሚገባባቸውን ሁለት ትንንሽ ብልቃጦች ባዶአቸውን አውጥቶ እንዲያሳይ፣ ሰውየውም በእጁ ይዞ እንዲያያቸው ተጻፈ። አንድ መስመር ነው። የዚያ መስመር ዋጋ አንድ ሙሉ ከሰዓት ነበር።

ቋንቋችን ራሱ ወጥመድ አለው። «መረመረ» ከሚለው ግሥ «ምርምር» ይወጣል፣ «ምርመራ»ም ይወጣል፤ ምርመራ ደግሞ የሐኪምም የፖሊስም ነው። ኦሮምኛውም ከዚህ አያመልጥም፦ «ቆረኖ» የሳይንቲስቱም የወንጀል መርማሪውም ሥራ ነው። ሱሉልታ ላይ ቅጹ በሁለቱም ቋንቋ መነበብ ስላለበት ወጥመዱ ሁለት ነው። «ጥናት» ይሻላል፣ የተማሪ ሽታ አለው። ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። የዓለም የሐኪሞች ማኅበር በ1964 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የሄልሲንኪ መግለጫ በጥቅምት 2024 ሲሻሻል፣ በእንግሊዝኛው የሚጠናውን ሰው «የጥናት ተገዢ» ያህል ይጠራ የነበረው ቃል ወጥቶ «ተሳታፊ» ገብቷል። ስድሳ ዓመት ፈጀ። በአማርኛው ቅጽ «ተሳታፊ» የተለመደ ነበር፤ እዚህ ላይ እኛ ቀድመናል ብል ትንሽ ኩራት ይፈቀድልኝ።

ሰውን አስረድቶ ፈቃዱን የመጠየቅ ሙያ በአገራችን ከሁሉ በላይ የት ታየ ቢሉኝ ግን ወላይታ ነው የምለው። በእግር እብጠት፣ ብዙዎች ዝሆኔ በሚሉት፣ በሳይንሱ ፖዶኮኒዮሲስ በተባለው በሽታ ላይ። ትንኝ አያመጣውም፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በመጣ ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት መሄድ ነው የሚያመጣው። በ2017 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ግምት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሟል። ግን በአንድ አፈር ላይ ከሚሄዱት ሁሉ የሚታመመው ጥቂቱ ነው፤ በሽታውም በቤተሰብ ይታያል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ዘረመልን ማጥናት ፈለጉ።

እዚህ ላይ ቸኩሎ ጥናቱን የሚጀምር ሰው ሊኖር ይችል ነበር። ዶክተር ፋሲል ተኮላ አየለ፣ ፕሮፌሰር ጌይል ዴቪና ባልደረቦቻቸው ግን ከጥናቱ በፊት ጥያቄ ይዘው ሄዱ፦ ሰው እንዴት ቢጠየቅ ነው በትክክል ተጠየቀ የሚባለው? ሰዎችን በግልና በቡድን አነጋገሩ፤ ውጤቱን በ2009 (እ.ኤ.አ.) አሳተሙ። ያገኙት ነገር ማንም ከቢሮ ሆኖ የሚገምተው አልነበረም። በሽታው ያለበት ቤት ልጁን ለመዳር ይቸገራል፤ «ዘራቸው ነው» ይባላል። እንግዲህ ተመራማሪ መጥቶ «ዘራችሁን ላጥና» ሲል የሐሜተኛውን ቃል በሳይንስ ማኅተም ማጽደቁ ነው። ሌላም አለ፦ እንግዳ ሰው ቦርሳ ይዞ አንድ ቤት ደጃፍ መቆሙ ብቻውን ያንን ቤት ያጋልጣል። ምስጢር የሚወጣው በወረቀት ብቻ ይመስለናል፤ በእግር ኮቴም ይወጣል።

ከዚህ በኋላ የማብራሪያው ቅደም ተከተል ራሱ የእጅ ሥራ ሆነ። አፈሩና ጫማው ከቀደሙ፣ በዘር የሚወረሰው ተጋላጭነት ከተከተለ፣ ሰሚው «ልጄን ጫማ ላጫማ» ብሎ ይነሣል። ዘሩ ከቀደመ አንገቱን ደፍቶ ይነሣል። ቃላቱ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ተራቸው ነው። ዘረመሉ ከዚያ በኋላ ተጠና፤ 194 ሕሙማንና 203 ጤነኞች ተሳተፉ፣ በ2012 (እ.ኤ.አ.) በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲሲን ወጣ። ሰው የሚያስታውሰው ይህን ሁለተኛውን ነው። እኔ የመጀመሪያውን አብልጬ አደንቃለሁ። «ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ» የተባለው ይኸው ዘዴ በኋላም በዶክተር አዳሙ አዲሴና ባልደረቦቻቸው እጅ ቀጥሎ በትግራይ ሕንጣሎ ወጀራት ድረስ ተሠርቶበታል።

ወደ ዙሪያችን ልመለስ። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ የሸገር ከተማ አካል ናቸው። ከዚያ በፊት ግን ለዓመታት የገበሬው መሬት ፋብሪካ፣ የአበባ እርሻና መንደር ሲሆን ያየ አገር ነው። እዚህ ፊርማ ማለት ካሳ ነው፣ ርክክብ ነው፣ ዋስትና ነው። የአዲስ አበባና ዙሪያዋ ማስተር ፕላን ስንት ቁጣ አስነሥቶ በጥር 2016 (እ.ኤ.አ.) እንደተሰረዘ የሚያስታውስ ሰው ፊት ወረቀት ዘርግቶ «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ማለት ምን እንደሚመስል አስቡት። ስለ ደሙ ምንም ያልተጨነቀ ሽማግሌ የጣት አሻራ ቀለሙን ሲያይ አውራ ጣቱን ይደብቃል። ወዳጄ መመሪያው በሚፈቅድበት ጥናት ሁሉ የቃል ስምምነት በምስክር ፊት ይሁን ብላ ትሟገታለች። ፊርማ ግድ ሲሆን ደግሞ ከፊርማው በላይ አንዲት መስመር ታስገባለች፦ «ይህ ወረቀት ቤትና መሬትን፣ ብድርንም አይመለከትም።» ከሌላ አገር የመጣ ገምጋሚ ይህችን መስመር ቢያያት ከየት መጣች ይላል። ሱሉልታ ላይ ግን ማንም አይጠይቃትም።

ሌላዋ የምወዳት መስመር «ከቤተሰብዎ ጋር ተማክረው ነገ ቢነግሩንም ይሆናል» የምትለው ናት። መረጃ ሰብሳቢዎች ይጠሏታል፤ ብዙው ሰው ነገ አይመጣም። «ያልመጣው መልሱን ሰጥቷል» ትላቸዋለች። ቤተሰብን ማማከር ሲነሣ የየውብዳር በየነ ጽሑፍ ትዝ ይለኛል፤ በ1992 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ላሉ ሐኪሞች ለኢትዮጵያውያን ክፉ ዜና እንዴት እንደሚነገር ጽፈዋል። እኛ ዘንድ ክፉ ነገር ለባለቤቱ ዱብ አይደረግም፤ መጀመሪያ ዘመድ ይሰማል፣ ሌሊት አይነገርም። መርዶን ያየ ሰው ይህን ያውቀዋል፦ ማልዶ የሚሰበሰበው ጎረቤት፣ እንደ ዋዛ የሚያንኳኳው ሽማግሌ። ይህን ኋላ ቀርነት የሚሉ ሐኪሞች አሉ። በሽተኛው የራሱን ሕመም የማወቅ መብት አለው፣ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን መርዶ ነጋሪዎቻችን ስለ ሰዓትና ስለ ተራ የሚያውቁት ነገር ማንኛውም የሕክምና ትምህርት ቤት ቢያስተምረው የማይከስርበት ነው።

ባለፈው ወር እንደገና ቡራዩ ሄጄ ነበር። ሌላ ቅጽ፣ ያው እርሳስ። ሦስተኛው ገጽ ላይ «ናሙናዎ ለወደፊት ጥናት ይቀመጣል» ይላል። አነበበችላቸው፤ «ምን አልኩ እማማ?»

እማማ አሰብ አደረጉ። መርካቶ ኖረው ናሙና ምን እንደሆነ ሊጠፋቸው አይችልም። ነጋዴ ጥቂት ቆንጥሮ ለገዢ የሚያሳየው ነው፤ ከወደደው ኩንታሉ ይከተላል።

«ናሙናውን ከወደዱት» አሉ፣ «ቀሪውን ደም መቼ ነው የሚወስዱት?»

ወዳጄ ላጲሱን አነሣች። ቦታው እስከ አሁን ባዶ ነው።