የማይበራውን ማወቅ

ክረምት ላይ ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ለልምምድ የመጣች ተማሪ የኦራሚን ስላይድ ስታይ ቆይታ፣ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሳ ጠየቀችኝ፦ «ዶክተር፣ የቲቢው ጀርም እንዲህ ቦግ ካለ ካንሰሩ ለምን አይበራልንም? ውጭ አገር ለታማሚው ቀለም ወግተው ዕጢውን እያበሩ ነው የሚቆርጡት ይባላል።» በሩ ላይ የቆመው ቀዶ ሐኪም ወዳጄ ቀደመኝና «ካሜራው ይምጣልን እንጂ እኛስ ምን ያቅተናል!» አላት። እሱና እኔ በዚህ ነገር ስንከራከር ዓመታት አልፈዋል። እሱ የሚያወራው ስለሚበራው ነው፤ እኔ ስለማይበራው።

ያን ዕለት ለልጅቱ የሰጠኋት መልስ አጭር ነበር። እዚህ ላስፋው።

ሙያው ውስጥ ያላችሁ የኦራሚንን አሠራር ስለምታውቁት አልደግመውም። ስለ ፐርማንጋኔቱ ግን ዝም ማለት አልችልም። ስላይዱ ኦራሚን ተቀብቶ፣ በአሲድ አልኮል ታጥቦ ሲያበቃ 0.5 በመቶ የሆነ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት ለ1 ደቂቃ ይፈስበታል። ጀማሪው ይህችን ደቂቃ እንደ ማሳረጊያ ይቆጥራታል። እኔ የሥራው ሁሉ ራስ እሷ ናት እላለሁ። ፐርማንጋኔቱ የሚያጠፋው በጀርሙ ዙሪያ ያለው የሞተ ሕዋስና ቃጫ የያዘውን ትርፍ ብርሃን ነው። ጊዜው ካነሰ መስኩ ሁሉ አረንጓዴ ጭጋግ ይሆናል። ከበዛ ደግሞ የጀርሙን ብርሃን ራሱን ይበላዋል። ሰዓት ሳይዝ በግምት የሚያጥብ ሰው አብሮኝ እንዲሠራ አልፈቅድም።

ከአንገት ንፍፊት በመርፌ የተቀዳ ናሙና ከአክታ ይብሳል። ወፍራምና ቢጫ ነገር ነው የሚወጣው፤ ስላይዱ ላይ በወፍራሙ ከተቀባ ቀለሙን ይዞ አልለቅም ይላል። ክረምት ላይ ደግሞ ከጉና የሚወርደው ጉም ከተማውን ሲሸፍነው ስላይድ ቶሎ አይደርቅም፤ ሳይደርቅ የታጠበ እንደሆነ ናሙናው ከውኃው ጋር ይሄዳል። የደረቀውን ስላይድ ጋዜጣ ላይ አስቀምጬ ፊደሉ በናሙናው ውስጥ ካልተነበበልኝ እንደገና ይቀባ እላለሁ። ተማሪዎቹ ግትር ነው ይሉኛል፤ በዚህ ነገር ግትር ነኝ።

ቀትር ላይ ፎገራ ሜዳ መካከል ኩራዝ የለኮሰ ሰው፣ ኩራዙ ባይጠፋም መብራቱን የሚያይለት የለም። የቀለም ሥራ በአብዛኛው ቀትሩን የማስመሸት ሥራ ነው።

በሰው አካል ውስጥ ያለን ዕጢ በማብራት የደከሙት ሰዎች ታሪክም ይህንኑ ያሳየኛል። ፍሎረሲንን አዶልፍ ፎን ባየር የሠራው እ.ኤ.አ. በ1871 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የሚኒሶታው ሐኪም ጆርጅ ሙር የአንጎል ዕጢን ቦታ ለማግኘት ተጠቀመበት። ነገር ግን ፍሎረሲን ካንሰርን ለይቶ አያውቅም፤ የሚከተለው የሚያፈስ የደም ሥርን ነው። የደም ሥር ደግሞ በዕጢም፣ በቁስልም፣ በቢላውም ያፈሳል። ከዚያ ኢንዶሲያኒን ግሪን መጣ፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1959 የተፈቀደው ለልብና ለጉበት ምርመራ ነበር። ቀዶ ሐኪሞች የወደዱት የሚያበራው ዓይን በማያየው፣ ከቀይ በታች ባለው ብርሃን ስለሆነ ነው። በዚያ ብርሃን ደም ብዙ አይጋርድም፤ ጤነኛው ሥጋም በራሱ እምብዛም አያበራም። እንግዲህ እዩት፤ ጥቅሙ የተገኘው ዙሪያው ስለጨለመ ነው። የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ደግሞ ቀለሙን ከተለመደው መጠን አብዝተው ወግተው ወደ 24 ሰዓት ይጠብቃሉ። በዚህ መካከል ጉበት ከደሙ ውስጥ ቀለሙን ጠርጎ ያወጣል፤ ዕጢው ውስጥ የሰረገው ይቀራል። የእኔ የፐርማንጋኔት ደቂቃ እነሱ ዘንድ አንድ ቀንና ሌሊት ሆነች ማለት ነው።

ከሁሉም የማደንቀው አሚኖሌቩሊኒክ አሲድ የሚባለውን ነው። ታማሚው የሚጠጣው ነገር ራሱ ብርሃን የለውም። የአንጎሉ ዕጢ ሕዋስ ግን ወደ ፖርፊሪን ይለውጠውና በሰማያዊ መብራት ሲያዩት ቀይ ይሆናል፤ ጤነኛው አንጎል ያን ያህል አያጠራቅምም። ጀርመናዊው ቫልተር ሽቱመርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት በምስል የሚታየው ዕጢ ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው ታማሚዎች በዚህ ዘዴ 65 በመቶ፣ በተለመደው መብራት 36 በመቶ ነበሩ።

ወዳጄ ግን ልቡ ያለው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2021 ለእንቁላል ዕጢ ካንሰር በፈቀደችው ፓፎላሲያኒን ላይ ነው። ይህ ቀለም ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን ተቀባይ እየፈለገ ይጣበቃል፤ ብዙ የካንሰር ሕዋሶች ያ ተቀባይ ሞልቷቸዋል። ሙግታችን የሚከርረው እዚህ ላይ ነው። ፎሌት ተቀባይ ጀርም የሚውጡት የመከላከያ ሕዋሶች፣ የተቆጡ ማክሮፋጆችም አላቸው። የቲቢ ንፍፊት ማለት ደግሞ የማክሮፋጅ ክምር ነው። ሳንባ ላይ በተደረጉ ቀዶ ሕክምናዎች ካንሰር መስሎ የበራው እብጠት ግራኑሎማ፣ ማለትም የእነዚሁ ማክሮፋጆች ክምር፣ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ እንዳለ ሐኪሞቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ይህ የሆነው ቲቢ እንደኛ በማይበዛበት አገር ነው። ከጋይንት፣ ከስማዳ፣ ከእብናት የሚመጣልኝ የአንገት እብጠት አብዛኛው ቲቢ ሆኖ ሳለ፣ ያን ካሜራ እዚህ ብንተክለው የሚበራልን ምን እንደሚሆን ወዳጄ ሊነግረኝ አልቻለም። «ማስረጃ እንሰበስባለን» ይለኛል። እንሰብስባ! እኔም የምለው ካሜራው የመጣ ዕለት መጀመሪያ ከሥሩ የሚቀመጠው ቲቢ ያለበት ንፍፊት ይሁን ነው፤ ካንሰሩ ተራውን ይጠብቅ።

አገር ሁሉ የየራሱ ዳራ እንዳለው ያስተማረኝ አንድ አንጋፋ የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ላይ ሰው ትኩሳት እየያዘው፣ ጣፊያው እያበጠ ሲያልቅ፣ በመጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተባለ። ካላዛር ነበር። «በደጋው ካላዛር ይኖራል ብሎ የጠረጠረ ስላልነበረ የሚፈለገው ወባ ብቻ ነበር» ይለኝ ነበር። አጠገቡ በተቀመጥኩ ጊዜ ሁሉ፣ ምንም የሌለበትን የጤነኛ ስላይድ ከታመመው ይልቅ ረጅም ጊዜ ያሳየኝ ነበር። አሁን እኔም ተማሪዎቼን የማስጀምራቸው ባዶ በሆነው ነው።

የቲቢውን ጀርም ዘረመል የሚፈልገው ጂን ኤክስፐርት መጥቷል፣ ኦራሚን አርጅቷል የሚሉኝም አሉ። ለአክታ እስማማለሁ። ከንፍፊት ግን ሁለት ስላይድ አዘጋጃለሁ፤ አንዱን በራይት ቀለም ለሕዋሱ፣ ሌላውን በኦራሚን። ኦራሚኑ ስለጨለመ ብቻ ካንሰር ነው አይባልም፤ በንፍፊት ውስጥ ጀርሙ ጥቂት ነውና። ቀሪው ናሙና ወደ ጂን ኤክስፐርት ይሄዳል፤ ሕዋሱ ካላማረኝ ንፍፊቱ በቀዶ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 በሜርኩሪ አምፖል ፋንታ ኤልኢዲ ተጠቀሙ ካለ ወዲህ ደግሞ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ማየት ይቻላል። ይህ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ፋርጣ ገጠር ነው። ታላቅ እህቴ በልጅነቷ አንገቷ ላይ ንፍፊት ወጥቶባት በጋለ ብረት ተተኩሳለች። ጎረቤቱ የማይድን በሽታ ነው ብሎ ስለፈረደባት ማዕድ ለይተውባት እንደነበር አስታውሳለሁ። ጠባሳው ዛሬም ከነጠላዋ ሥር አለ፤ እሷም በሕይወት አለች፤ የመረመራት ግን አልነበረም። ይህን ሙያ ስመርጥ ስለ እሷ ያሰብኩ አይመስለኝም። ጨለማው ክፍል ውስጥ ስቀመጥ ግን የማስበው እሷን ነው፤ ስላይዱ ከጥግ እስከ ጥግ ሳይታይ መነሳት የማይሆንልኝም ለዚህ ይመስለኛል።

በቅርቡ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ከላይ ጋይንት መጡ። ሰው ሁሉ ካንሰር ነው ብሏቸው ልባቸው ቆርጦ ነበር። «እናቴ፣ ካንሰር አይደለም፤ ቲቢ ነው» አልኳቸው። አላመኑኝም። እጃቸውን ይዤ ከመጋረጃው ውስጥ አስገባኋቸውና ማይክሮስኮፑን አስተካከልኩላቸው። ብዙ ከተቸገሩ በኋላ አዩዋት፤ በጥቁሩ መካከል አንዲት ቢጫ ጭረት።

«ይቺ ናት ልጄን ያከሳችው?»

«እሷ ናት።»

«መድኃኒቱ ስንት ነው አንተ ልጄ? ያለኝ እንደሁ አንድ በሬ ነው።»

በሬውን እንዳይሸጡ፣ መድኃኒቱ በነፃ እንደሚሰጥና 6 ወር ሳይቋረጥ እንደሚወሰድ ነገርኳቸው። ተማሪዋ ወረቀቱን ጽፋ ወደ ቲቢ ክፍል ይዛቸው ሄደች።